ትንሿ

ከበቡሽ ወሬውን የሰማችው ድሮ ነው፤ ኢስት ኮልፋክስ ጎዳና ላይ፣ ባሏ እንዳልክ ለጓደኛው «ትልቋን ተዋት፤ የምታማልለው ትንሿ ናት» ሲለው። የቀረውን የአውቶቡስ ጩኸት ዋጠባት። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ «ዓሣ ላጠምድ» ብሎ በወጣ ቁጥር ሌላ ሴት ጋ የሚሄድ ይመስላት ነበር፤ ዓሣ ይዞ ገብቶ አያውቅማ! ለእመቤታችን ካልሆነ ለማንም አልተነፈሰችም።

በዚህኛው ቅዳሜ ግን «እኔም እሄዳለሁ» ብላ መኪናው ውስጥ ገባች። ወንዙ ጠጠሩ የሚቆጠር፣ ጥርት ያለ ነበር። እንዳልክ የመጀመሪያውን ዓሣ ይዞ፣ ዳበስ አድርጎ፣ እንደ ልማዱ መልሶ ለቀቀው። ሁለተኛው ግን መንጠቆው ላይ ያለችውን፣ ለማጥመጃ ከላባ የተሠራች ዝንብ ቀረብ ብሎ አያትና ፊቱን አዞረ።

«ውሃ ሲጠራ ዓሣው ይነቃብሻል» አለ። «ትልቋን አይነካም። ትንሿን ላውጣት።» ከሩዝ ፍሬ የምታንስ ዝንብ ጣቱ ጫፍ ላይ አኑሮ፣ ላባዋ እንዲነሳ በቀስታ እፍ አላት።

«ትንሿ ይቺ ናት?»

«አዎ፤ ምነው?»

ሳቋ መጣ፤ ቅናቷ ግን ባሰ። ትንሿ ሴት ብትሆን ይሻል ነበር፤ ሴትን ተጣልተው ያባርሯታል። ከበቡሽን እንዲህ ትንፋሹን ቆጥቦ ይዟት አያውቅም።

«የፊታችን ቅዳሜ የኔ ነው» አለችው።

ዓሣው እዚያው ፊታቸው ብቅ አለ። እንዳልክ ዓሣውን አየ፤ እሷን አየ፤ ክሩን ጠቀለለ።

«እሺ» አለ፤ «አንቺ ወዳልሽበት እንሄዳለን።»