ሳጥኑ ሲከፈት

«አሁንስ?» አለ ይርጋ።

«አሁን ይሰማል፤» አለች ትዕግሥት። ጥቂት ቆይታ ማዳመጫውን በሁለት እጇ ጆሮዋ ላይ ጫን አደረገችው። «ተቆረጠ፣ መምህር።»

ከጧት ጀምሮ እንዲህ ነው። ትዕግሥት ዓይነ ስውር ተማሪ ናት፤ ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ሦስት ቀን ቀርቷታል፤ የምታጠናውም በድምፅ የተቀዱትን መጻሕፍት ከቤተ መጻሕፍቱ ኮምፒውተር እያዳመጠች ነው። የኮምፒውተሩ የማዳመጫ ቀዳዳ ከተበላሸ ቆይቷል። ትናንት በእርዳታ የመጣላት ማዳመጫ ሽቦ የለውም፣ በብሉቱዝ ነው የሚሠራው። ድምፁ ይንተባተባል፣ ይጠፋል፣ ግማሽ ገጽ ካመለጣት በኋላ ይመለሳል።

ይርጋን የጨነቀው ሰበቡ በሊኑክስ ላይ እንዳይላከክ ነበር። ቫይረስ የፈጀውን አሮጌ ሲስተም አጥፍቶ በምትኩ ሊኑክስን የጫነው እሱ ነው። የፊዚክስ መምህር ቢሆንም፣ በስክሪኑ ጥቁር መስኮት ትእዛዝ እየጻፈ ኮምፒውተር የሚያናግር በደብረ ታቦር ከእሱ ሌላ ያለ አይመስለውም፤ ይህንንም ለሰማውም ላልሰማውም ተናግሮታል።

ማዳመጫውን ከኮምፒውተሩ አለያይቶ እንደገና አገናኘ። የድምፁን አገልግሎት አጥፍቶ አስነሣ። ባትሪ ለመቆጠብ ብሉቱዙን የሚያስተኛውን ቅንብር ዘጋ። አንዱን በሞከረ ቁጥር ኮምፒውተሩ የተቆለፈበትን የብረት ሳጥን ከፍቶ ጥፍር የምታህለውን የብሉቱዝ መቀበያ ይነቅልና መልሶ ይሰካታል። ድምፁ ኩልል ይላል። «አገኘኋት!» ይላል። ሳጥኑን ቆልፎ፣ ቁልፉን ኪሱ ከትቶ ገና ሳይቀመጥ «ተቆረጠ» ትለዋለች።

«ምናልባት ራስሽን እያንቀሳቀስሽው ይሆናል፤» አላት በመጨረሻ።

ልጅቱ አንገቷን አድርቃ፣ ትንፋሿን እንኳ እየቆጠበች ተቀመጠች። ይህን ሲያይ አፈረ፤ ቃሉን ግን አልመለሰም።

ሳጥኑን ያሠራው በኅዳር ነው። የትምህርት ቤቱ ፍላሽ የጠፋ ጊዜ ይርጋ መምህራን በተሰበሰቡበት «ተማሪዎች ከወጡ በኋላ ከእኔ ሌላ ቤተ መጻሕፍቱ የምትገባ ጥሩወርቅ ብቻ ናት» አለ። ጥሩወርቅ ቤተ መጻሕፍቱን የምታጸዳ፣ ታላቅ እህቱ ልትሆን የምትችል ሴት ናት። እስከዚያ ቀን ድረስ እትየ እያለ አንቱ ነበር የሚላት፤ ከዚያ ወዲህ አንቺ ሆነች። ገበያ ወርዶም ብረት ሠሪውን ኢድሪስን ኮምፒውተሩን የሚውጥ ሳጥን አሠራው፤ ገመድ ማሾለኪያ ቀዳዳ ብቻ ያለው። መምህራኑ «የጋፋት መድፍ መጣ» ብለው ሣቁ። ጥሩወርቅ አልሣቀችም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራ ጨርሳ ስትወጣ ጋቢዋን ገልጣ በይርጋ ትፈተሻለች።

«መምህር፣» አለች አሁን ጥሩወርቅ። መጥረጊያዋን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። «እኔ የኮምፒውተር ነገር አላውቅም። ግን ሳጥኑን ሲከፍቱት ይናገርላታል፤ ሲቆልፉት ይቆረጥባታል። ከጧት ጀምሮ ሳይዎ ነው የዋልሁ።»

ሊቆጣ አፉን ከፍቶ ተወው። ተነሥቶ ሳጥኑን ከፈተ።

«ይሰማል፤» አለች ትዕግሥት።

ዘጋው።

«ተቆረጠ።»

ደግሞ ከፈተው። ፊቱ ጋለ። ብረት ሞገድ እንደሚያፍን ራሱ ለአሥረኛ ክፍል ያስተማረው ነገር ነው። የሳጥኑን በር ወለል አድርጎ ከፍቶ ተወው።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ መምህር። አንቱ ባይኖሩልኝ ምን ይውጠኝ ነበር፤» አለች ትዕግሥት።

«አሜን፤» አለ ይርጋ።

ጥሩወርቅ ሰማች። ጎንበስ ብላ ደጃፉን መጥረጓን ቀጠለች።

ልጅቱ ሁለት ምዕራፍ ሙሉ አንዲት ቃል ሳትቆረጥባት አዳመጠች። ከጉና ተራራ የሚወርደው ብርድ በመስኮቱ መግባት ሲጀምር ይርጋ ካፖርቱን ደረበ። እጁን ኪሱ ሲከት፣ እንደ ሁልጊዜው፣ ጣቱ ፍላሿን ነካት። የካፖርቱ ኪስ ተቀዶ ገበሩ ውስጥ ሾልካ ኖሮ በየካቲት ዳብሶ አግኝቷታል። ያኔውኑ ሊናገር ነበር። ነገር ግን ሳጥኑ ተሠርቷል፣ ፍተሻው ተለምዷል፣ ቢናገር መምህራኑ ይሥቁበታል። ነገ እናገራለሁ እያለ ግንቦት ገባ።

ጥሩወርቅ ሥራዋን ጨርሳ መጣች። መጥረጊያዋን ጥግ አስደግፋ ፊቱ ቆመች፤ ጋቢዋን ግራና ቀኝ ገለጠችና እጆቿን ዘርግታ ጠበቀች።

«ግድ የለም፣ ዛሬስ ይቅር፤» አለ።

«ኧረ ይዩ እንጂ። ሳጥኑም ክፍቱን ሊያድር ነው። ኋላ አንድ ነገር ቢጠፋ እኔው ነኝ።»

ድምጿ ውስጥ ቁጣ ፈለገ፤ አጣ። ቁጣ ቢኖርበት በቀለለው ነበር። እጁን ወደ ተቀደደው ኪስ አስገብቶ ፍላሿን ከገበሩ መዝዞ አወጣና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጣት። ትዕግሥት ኮሽታውን ሰምታ ማዳመጫዋን አወለቀች።

ጥሩወርቅ ፍላሿን አየቻት። እንዳትጠፋ ብላ ራሷ ያሰረችባት ቀይ ክር አሁንም አለ።

«የት ተገኘች?»

«ከካፖርቴ ገበር ውስጥ፣ እትየ።»

«መቼ?»

ዛሬ ቢላት ይበቃ ነበር። ቃሉ ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሷል፤ እሷም ታምነው ነበር።

«በየካቲት፤» አለ።

 የጥሩወርቅ ጋቢ እንደተገለጠ፣ እጆቿም እንደተዘረጉ ነበሩ።