የተበጣጠሰ ባዶ ቦታ

የሰው ትዝታ ከጆሮ ጀርባ በምትቀበር ማኅደር መቀመጥ ከጀመረ ወዲህ፣ ማኅደሪቱ «ቦታ የለም» ከማለት በቀር ምክንያቷን ለባለቤቷ ገልጣ አታውቅም ነበር። በውባለም ሠርግ ማለዳ ግን የውስጧ ካርታ ለሰው ሁሉ ተከፈተ፤ እናቲቱ ወይዘሮ ውድነሽም ካርታቸውን በመስተዋቱ ላይ አይተው እልል አሉ።

«ቦታስ ሞልቶኛል! ተበጣጥሶ ነው እንጂ!»

«ሠርጌ ሳይቆራረጥ እንዲቀመጥልሽ ወጥ ቦታ ይፈልጋል፣ እማዬ» አለች ሙሽራዋ። «ይኸውልሽ ሰፊ ሜዳ፤ መካከሉ ላይ ግን አንዲት ቀይ ነጥብ አለች። እንዳትጠፋ የቆለፍሻት ራስሽ ነሽ።»

ወይዘሮ ውድነሽ ነጥቧን ሲነኩ ፊታቸው ተለዋወጠ። ከዐሥራ ሁለት ዓመት በፊት በእናታቸው ተዝካር ላይ ታናሽ እኅታቸው አትጠገብ በሰው ፊት የወረወረችባቸው ስድብ፣ ከነመዘዙ በውስጧ ነበር።

«ሞቼም አልረሳው ብዬ ምያለሁ!»

«ካልረሳሽው ቦታው አይለቀቅም። ወይ ስድቡን፣ ወይ ሠርጌን ያዢ።»

በዚህ መካከል የሙሽራው መኪኖች ጥሩምባ ከደጅ ቀለጠ። ወይዘሮ ውድነሽ ዓይናቸውን ጨፍነው ቁልፉን ፈቱ፤ ነጥቧ ጠፋች፤ ሜዳውም ከዳር እስከ ዳር ገጠመ።

በደስታ እየተጣደፉ ወደ ጓሮ ሲወጡ ግን ቀጥ ብለው ቆሙ። የቆርቆሮ አጥር ግቢውን ከእኅታቸው ቤት ለይቶታል።

«ውቤ! ይህን ማነው እዚህ የገተረው? አትጠገብ በየት በኩል ትግባ?»

እናቷ እያንዳንዱን ሚስማር በገዛ እጃቸው ሲመቱ ውባለም ቆማ አይታለች።

«እንጃ፣ እማዬ!» አለችና ቬሏን ሰብስባ ጉጠት ፍለጋ ሮጠች።