የምንጩ ዓሦች

ዓሦቹ በመስታወት ገንዳቸው ውስጥ አፋቸውን ወደ ላይ አድርገው ውሃው ገጽ ላይ ተሰብስበዋል። ጠዋትም እንዲህ ነበሩ፤ የራባቸው መስሎኝ ምግብ በትኜላቸው ወደ ቤት ሥራዬ ገባሁ። አሁን አመሻሽ ላይ ምግቡ እንዳለ ተንሳፍፏል፣ ሁለቱ በጎናቸው ተኝተዋል።

"ሙሚና! ትናንት ውሃ የጨመርሽላቸው ከየት ነው?"

"ከዚሩ ነዋ እማ። ዶክተሯ ያደረ ውሃ ስጧቸው ብላ የለ?"

ዚሩ በር ላይ ያለው የሸክላ ጋን ነው። ኮሌራ መግባቱ አይቀርም ብዬ አንድ ክዳን ክሎሪን ለሚበቃው ሦስት ክዳን የጨመርኩበት እኔ ነኝ። ለልጄ አልነገርኳትም።

አሠሪዬ ዶክተር ፋሪሃ ለዒድ መደኒ ከተማ ሄዳ መንገድ ተዘግቶባታል። ዓሦቹ ጣት አያክሉም። ከአንዲት ምንጭ በቀር የትም አልነበሩም፤ ምንጯም አምና ደረቀች። "ዘሊካ፣ የቀሩት እነዚህ አስራ አንዱ ናቸው" ብላኝ ነው የሄደችው።

መድኃኒት ያልነካው ውሃ ያለው ከመንገዱ ማዶ፣ ካሣዬ በሚጠብቀው ግቢ ጉድጓድ ነው። መንገዱ ጫፍ ላይ ደግሞ የወታደር መኪና ቆሟል። ሰልፍ በወጡት ተቃዋሚዎች ላይ ከተተኮሰ ወዲህ ሙሚናን ከበር አላስወጣኋትም።

"የጎዳቸው የዚሩ ውሃ ነው። ካሣዬ ጋ እኔ እሄዳለሁ፣ አንቺ እዚሁ ሁኚ።"

"ብቻሽን እስክትመላለሺ ያልቃሉ!" ባልዲ አንስታ ወጣች። ተከተልኳት።

ካሣዬ ፓምፑን እያስነሳ ሳቀብን። "አገር ተዘግቶ እናንተ ዓሣ ታጠጣላችሁ? ያላ፣ ቶሎ በሉ፣ የመግሪብ ሶላት ደርሷል።"

የተመረዘውን ውሃ እየደፋን አዲሱን ጨመርን። በሦስተኛው ዙር መኪናው ተነሳ። ሙሚና መንገዱ መሀል ነበረች። አጠገቧ ቆመ።

"ምንድን ነው?" አላት አንዱ ወታደር በአረብኛ።

"ሞያ" አለችው፣ ውሃ ነው ማለቷ ነው።

"ለማን ነው ውሃው?"

"ለዓሣ።"

አልሳቀም። ወርዶ እጁን ባልዲው ውስጥ ነከረ፣ ፊቱን ታጠበ፣ "ሂጂ" አላት።

እኔ በሩን ይዤ ቆሜያለሁ። ሙሚና ግን ወደ እኔ አልመጣችም። የታጠበበትን ውሃ እሱ እያየ መሬት ላይ ደፋችና ተመልሳ ካሣዬ ዘንድ ቀዳች። መኪናው እስክትሻገር ቆሞ ጠበቃት፣ ከዚያ ሄደ።

ውሃውን ስንጨምር ሰባቱ ዓሦች ቀስ ብለው ወደ ታች ወረዱ፤ አራቱ ግን በጎናቸው እንደተኙ ቀሩ።

የግቢውን በር ልዘጋ ወጣሁ። ቁልፉ አልዞር አለኝ። ሙሚና በእርጥብ እጇ እጄን ይዛ አብራኝ አዞረችው።