በእጅ ትነዳለች የተባለችው መኪና

መኪና ሁሉ ራሱን በራሱ እንዲነዳ አዋጅ ከወጣ ወዲህ፣ የጭነት መኪና ሹፌር የነበረው ዘርጋው እጁን የሚያሳርፍበት አጥቶ ከርሟል። የሚስቱ ወንድም በሠርጋቸው ዕለት «እህታችንን ለመሪ ጠምዛዥ ሰጠናት» ያለው ዛሬም ከሆዱ አልወጣም። አሁን ደግሞ ያው መሪ እንኳ ቀረበት።

ስለዚህ አንድ የደብረ ብርሃን መኪና ሻጭ «ይቺ ፈጣኗ ልዩ ፈቃድ አላት፣ በእጅ ትነዳለች፤ ይሞክሯት፣ ጋሼ» ሲለው፣ ሚስቱን አስካለን አሳፍሮ ወደ ጣርማ በር ቁልቁለት ከነፈ። መኪናዋ እንደ ጥይት ተወረወረች። የዘርጋው ልብ እንደ ጎረምሳ ዘለለ።

አስካለ ድሮ በዚህ ቁልቁለት ጉልበቱን ጨምድዳ ይዛ «ኧረ በእመቤቴ፣ ቀስ!» ትል ነበር። ዛሬ ጭኗ ላይ ሳህን አስቀምጣ የእራቱን ነጭ ሽንኩርት ትልጣለች።

ነገሩ ከነከነው። ጠመዝማዛው ጋ ሲደርሱ ትንፋሹን ውጦ መሪውን ጥቂት ወደ ገደሉ አዞረው። መኪናዋ ግን ተራራውን ታክካ ለስለስ ብላ ታጠፈች። ደግሞ አዞረ። እሷም ደግማ በራሷ መንገድ ሄደች። መሪው ለካ የሕፃን መጫወቻ ኖሯል።

ከሳህኑ አንዲት ፍሬ እንኳ አልተንከባለለችም።

«አንተ ዘርጋው!» አለች አስካለ፣ በትዳር ዘመኗ አመስግናው የማታውቀው ሴት። «እንዲህ መንዳት ታውቅበት ኖሯል? ምነው ወንድሜ ባየህ!»

«መንገዱን እናውቀው የለ» አላት ዘርጋው፤ መሪውንም፣ የሚነዳ ሰው መስሎ፣ እስከ ቁልቁለቱ ግርጌ ሲያዞር ወረደ።