ሻይ ያልገባበት ጫማ

አሜሪካን ነጻ አገር ያደረጋት አመፅ ሲጀማምር ነው አሉ። የወደቡ ወንዶች «ለእንግሊዝ ንጉሥ ቀረጥ አንከፍልም!» ብለው በመርከብ የመጣውን ሻይ ቅጠል ሁሉ በሌሊት ባሕር ውስጥ ደፉት። በማግስቱ ሚስቶቻቸው ከጉድጓድ ውሃ ሲቀዱ ጉራው ሌላ ሆነ።

«የኔው ጀግና ጫማው ሻይ ሞልቶት ገባ፤ እሳት ውስጥ አራገፍኩት» ትላለች አንዷ።

«የኔውማ ካልሲው ድረስ!» ትላለች ሌላዋ።

የአናጢው ሚስት ቅናት አንጀቷን በላው። የእሷ ባል ሊነጋጋ ሲል የገባው፣ ጫማው ድመት የላሰችው ሳህን መስሎ ነው።

«ያንቺ ፈሪ የት ተወሽቆ አደረ?» ብለው ሳቁባት። እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

ይሄኔ ጎረቤቷ፣ ባል የሞተባት ርብቃ፣ አንጀቷ አልችል አለ።

«ተዉ እንጂ! ሰው በሐሰት አይታማም» አለች። «እሱም አብሯቸው ደፍቷል። ጫማውን ያራገፍኩለት እኔ ነኝ።»