የውባለም ሰባት ደቂቃ

የኔትወርክ ባለሙያው የመሥሪያ ቤቱን ኮምፒውተሮች ሰዓት አንድ ሊያደርግ መጥቶ ከውባለም ጠረጴዛ ደረሰ።

«እትዬ ውባለም፣ የእርስዎ ሰባት ደቂቃ ይቀድማል።»

«እንዳትነካብኝ! ነፍሱን ይማረውና ባለቤቴ ነው እንዲህ ያደረገልኝ። ሰርቪስ እያመለጠኝ አስቸግሬው ነበር።»

«ሁሉም እኩል ይሁን ተብዬ ነው እኮ።»

«እንግዲያው ቶሎ ገላግለኝ» ብላ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ባለሙያው የሁሉም ኮምፒውተር ሰዓት ወደሚታዘዝበት ሰርቨር ክፍል ሲሄድ ሰማችው። ከዚያ በኋላ ስክሪኑን ለማየት አልደፈረችም።

ማታ፣ በደቂቃ የሚሟገተው ሥራ አስኪያጅ ኮምፒውተሩን አየት አድርጎ «አሥራ አንድ ተኩል!» አለና ቦርሳውን አነሳ። ሠራተኛው ሁሉ ግር ብሎ ተከተለው። ውባለምም እየፈራች ወደ ስክሪኗ ዞረች፤ አሥራ አንድ ተኩል ይላል።

ቀና ብላ የግድግዳውን ሰዓት አየች። ለአሥራ አንድ ተኩል ሰባት ደቂቃ ይቀረዋል።