የታችኛው ክንፍ

እማዬ ወደ ዲላ ስትሄድ አክስቴ ቤት እንዳድር ለምናኝ ነበር። እኔ ግን "ምን፣ ሕፃን ነኝ እንዴ?" ብዬ ጨለለቅቱ ከተማ ባለው ቤታችን ብቻዬን ቀረሁ። ከምሳ በኋላ ዝናቡ ሲበረታ በሩን ከውስጥ ቀረቀርኩት። ዞር ስል ግድግዳው ላይ መዳፌን የምታህል የእሳት እራት አየሁ። ክረምቱን ሸሽታ የገባች መሰለኝ።

ፎቶ አንስቼ ዲላ ባዮሎጂ ለሚማረው የአጎቴ ልጅ ለኤልሮኢ በቴሌግራም ላክሁለት።

"ሳይንቲስቱ፣ ይቺ ማን ትባላለች? ካላወቅህ ዲግሪህን መልስ!"

"መጀመሪያ ይስጡኛ!" አለኝ። "ከላይ ብቻ ታይታ አትለይም፤ የታችኛው ክንፏ ቀለም ያስፈልገኛል። የያዘችልሽን ልጅ ትንሽ ገለጥ ታድርገው በያት።"

"የምን ልጅ? ብቻዬን ነኝ።"

"ቀልድሽን ተዪ! ጣቶቿ ይታያሉ እኮ።"

ፎቶውን አጉልቼ አየሁት። ከግድግዳውና ከእሳት እራቷ በቀር ምንም የለበትም። ኤልሮኢ ድሮም ሰው ማስደንገጥ ነፍሱ ነው። ቢሆንም ተነስቼ መቀርቀሪያውን ነካ ነካ አደረግሁት። አልጋው ሥር አጎንብሼ አየሁ። ተቀመጥኩ፤ መልሼ ተነሳሁ። በመጨረሻ በራሴ ፍርሃት ሳቅሁና ጮክ ብዬ፣

"እሺ እህቴ፣ እስቲ ክንፏን ገለጥ አድርጊው!" አልኩ።

የላይኛዎቹ ክንፎች ቀስ ብለው ግራና ቀኝ ተገለጡ። ከሥራቸው ያለው ክንፍ ደማቅ ቢጫ ነው። የእሳት እራቷ እግሮች ግድግዳውን ለቅቀው አየር ላይ ይፍጨረጨራሉ፤ ክንፎቿ ግን ንቅንቅ አይሉም።